ዝናብ ሲዘንብ የሚያፏጨው መስመር

ቦንጋ የስልክ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፒንሳና ቀበቶ ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ የተሰጠኝ ወንበር ነው። ፎርማናችን ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛቸው ላይ ወደተቀመጠው ጥቁር ስልክ እየጠቆሙ፣ «ሙሉ፣ ለአንድ ሳምንት እጅሽን አልፈልገውም። ጆሮሽን ብቻ ነው የምፈልገው» አሉኝ። ጅማ ሁለት ዓመት የተማርኩበት ሰርተፊኬት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ተናደድኩ፤ ግን ተቀመጥኩ።

ማዕረጌ ረዳት ቴክኒሻን ነበር። ከእኔ በላይ ሁለት ቴክኒሻኖች፣ ከእነሱ በላይ ጋሽ ወልዴ። ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ምሰሶ ላይ ስወጣ ባጃጅ ሳይቀር ቆሞ ያየኝ ነበር። ለመውረድ የምቸኩለው ፈርቼ ሳይሆን ተመልካቹ ስለሚያናድደኝ ነው።

በዚያ ሳምንት በየሽቦው ላይ የመፈተሻ ስልክ እየሰካሁ መስመር መስማት ተማርኩ። ውሃ የገባበት ሽቦ እንደሚቆላ ቆሎ ይንጣጣል። የተቆረጠ ሽቦ ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን ከክፍል ዝምታ ይለያል፤ ጆሮን ይጫናል። ሁለት ጥንድ ሽቦዎች ከተነካኩ ደግሞ የአንዱ ቤት ወሬ ወደ ሌላው ይሻገራል።

በሦስተኛው ቀን ለማንም ደንበኛ ባልተሰጠ ባዶ ጥንድ ላይ ሰው ሲያወራ ሰማሁ። ሩቅ ነው፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ጋሽ ወልዴን ጠራኋቸው። አዳምጠው መለሱልኝና፣ «ተሻግሮ የመጣ ነው። ሰው በሌለበት ሽቦ ላይ ድምፅ ብትሰሚ አትመልሺ» አሉ።

«ቢጠሩኝስ?» አልኳቸው ለቀልድ።

«ስምሽን ከየት ያውቁታል?» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ በዚያው ባዶ ሽቦ ላይ አንዲት ሴት «ሙሉ፣ አንቺ ሙሉ» ብላ ተጣራች። የመፈተሻ ስልኩን ጥዬ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወጣሁ። ቦንጋ ውስጥ ሙሉ የሚባል ሰው ስንት እንዳለ ቁጭ ብዬ የቆጠርኩት ኋላ ነው። በመናፍስት አላምንም፤ ያን ቀንም አላመንኩም። የጸጉሬ መቆም ግን ከልካይ አልነበረውም።

ዓመት ሳይሞላኝ በስልክ መስመር የሚሄደው ኢንተርኔት ከተማችን ገባ። ዛሬ በኪሱ ኢንተርኔት ይዞ ለሚዞር ወጣት ላስረዳ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሞደም የሚባል ዕቃ አለ። እንደ ሰው ዲያል ቶን፣ ማለትም እጀታ ሲነሳ የሚሰማውን ድምፅ፣ ይጠብቃል፣ ቁጥር ይደውላል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሞደም እስኪያነሳለት ድረስ ያፏጫል። ፉጨቷ አጭር ናት፣ ግማሽ ሰኮንድ። ከዚያ ሁለት ሰኮንድ ዝም። እንደገና ፉጨት፣ እንደገና ዝም። ማዶ ያለው ሞደም ካነሳ በኋላ ያ በዕድሜ ጠና ያልነው የምናስታውሰው ጩኸት ይከተላል። ካላነሳ አንድ ደቂቃ ያህል አፏጭቶ ይዘጋል።

ጋሽ ወልዴ ከዚህች ፉጨት የራሳቸውን ዘዴ አወጡ። ደንበኛ «ኢንተርኔቱ አልገባ አለኝ» ሲል ቤቱ እሄዳለሁ። ኮምፒውተሩ የሚደውለው ዋናው ቁጥር አለ፤ ዋናው እንቢ ሲል ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሞክረው ተለዋጭ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታም አለ። እዚያ ላይ የጋሽ ወልዴን የጠረጴዛ ስልክ ቁጥር እጽፋለሁ። ኮምፒውተሩ ጣቢያ ይደውላል፣ እሳቸው አንስተው ፉጨቱን ይሰማሉ። ጥርት ካለ የደንበኛው መስመር ደህና ነው፤ ችግሩ ከኮምፒውተሩ ወይም ወደ አዲስ አበባ ከሚሄደው ከሩቁ መስመር ነው። ከተንኮሻኮሸ ሽቦ ፍለጋ እወጣለሁ። ስጨርስ ቁጥሩን አጥፍቼ የሥራ ደብተሬ ላይ ከደንበኛው ስም አጠገብ ምልክት አደርጋለሁ። ይህ መመሪያ ላይ የለም። የቦንጋ ዘዴ ነው።

አብዛኛው ብልሽት ግን ፉጨትም አይፈልግም ነበር። የማር ነጋዴው አቶ ሸምሱ ኢንተርኔታቸው ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚሞት ነግረውኝ ሄድኩ። ሶኬቱን አየሁ፣ ሽቦውን ለካሁ፣ ደህና ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጓዳ ውስጥ ሁለተኛ ስልክ እንዳለ ተገለጠ፤ ባለቤታቸው ምሳ ካቀረቡ በኋላ አንስተው ከእህታቸው ጋር ያወራሉ። «አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቆረጣል» አልኳቸው። አቶ ሸምሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ኢንተርኔቱ ይሙት። እሷን ዝም በይ ከምል እሱ ቢሞት ይሻለኛል» አሉኝ።

መምህር ኤልያስ ቤት የሄድኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ኮረብታው ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የዝናብ መለኪያ ተክለዋል። ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ውሃውን ለክተው ደብተር ላይ ይጽፉና አዲስ አበባ ለሚያጠና ወዳጃቸው በኢንተርኔት ይልካሉ። ያልዘነበ ቀን የሚላክ ነገር ስለሌለ ኮምፒውተሩንም አይከፍቱም። ኮምፒውተሩን ሳዘጋጅላቸው የጋሽ ወልዴን ቁጥር አስገብቼ መሞከር እንደጀመርኩ ውጭ ጩኸት ሆነ። ሁለት ጉሬዛዎች ከዋንዛው ዛፍ ወደ ስልክ ሽቦው ዘለው ሽቦውን ይዘውት ወረዱ። መሰላል ፍለጋ፣ ሽቦ መቀጠል፣ መወጠር፣ እስኪመሽ እዚያው ቆየሁ። ስጨርስ ሰላም ብዬ ሄድኩ።

ክረምቱ ሳይገባ ጋሽ ወልዴ ጡረታ ወጡ። ጡረታቸው ዓመት አልሞላም፤ አረፉ። ቀብራቸው ላይ እንደ ልጅ አልቅሻለሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስነጫነጭባቸው ታግሰው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጥቁሩ ስልክ ዕቃ ቤት ገባ። መስመር ያኔ ወረፋ ስለነበረው ቁጥሩ ለቀጣዩ ተረኛ ደንበኛ ተሰጠ። እኔም ቴክኒሻን ሆንኩ።

በተከተለው ክረምት አንዲት እናት ጣቢያ መጡ። የነጠላቸው ጫፍ በዝናብ ርሷል። እትዬ አለሚቱ ይባላሉ፤ ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ነው ቤታቸው።

«መስመር አጥሪልኝ ልጄ» አሉኝ። «ታደለ ይደውላል፣ ድምፁ አይወጣም።»

«ታደለ ማን ነው?»

«ልጄ ነዋ። በመተማ ወደ ሱዳን ወጣ፣ አራት ዓመት ሆነ። ቁጥሩን በሹፌር ልኬለታለሁ። አሁን ይደውላል። ግን መናገር የለም። ያፏጫል ብቻ።»

የብልሽት ካርዱን ለመሙላት ቁጥራቸውን ጠየቅኩ። ሲነግሩኝ እስክሪብቶዬ ቆመ። የጋሽ ወልዴ ቁጥር ነው። ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሆኖም የሞተ ሰው ጠረጴዛ ላይ ፉጨት እየተደወለ እንደሆነ ሲሰማኝ ከወገቤ በላይ በረደኝ።

«ሁልጊዜ ነው የሚደውለው?»

«ዝናብ ሲዘንብ ነው» አሉ፤ ይህ ምንም የማይገርም ነገር ይመስል። «ዝናብ ሲዘንብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት።»

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ስልኩ በዳንቴል ተሸፍኖ ከአልጋቸው ራስጌ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። በላዩ የግድግዳ ካሌንደር ተሰቅሏል፤ አንዳንዱ ቀን ላይ በከሰል ሰረዝ ተሰምሮበታል። ልጃቸው የደወለበት ቀን ነው አሉኝ። ያን ዕለት ሰማዩ ጠራ፤ ስልኩም ዝም አለ። ሽቦውን ለካሁ፣ ደህና ነው። መያዣውን አጠበቅኩ፣ ለመምሰል ያህል።

ሌላ ቀን ገና በዘጠኝ ሰዓት ተራራው ሲጠቁር ተነስቼ ሄድኩ። ደጃፋቸው ስደርስ ዝናቡ ወረደ። ከቤት ውጭ ሽቦው በሚገባበት ሳጥን ላይ የመፈተሻ ስልኬን መቆንጠጫ አያይዤ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆምኩ። ጉሙ ከጫካው ወርዶ መንገዱን ዋጠው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከአጥሩ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም። ስልኩ ጠራ። እትዬ አለሚቱ በአንደኛው ጥሪ አነሱት።

ፉጨት። ዝም። ፉጨት። ዝም።

በመካከሉ እትዬ አለሚቱ በካፊኖኖ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ ያወራሉ። ካፊኖኖ ግማሽ ግማሹን ነው የምሰማው። «በልተሃል?» ሲሉ ሰማሁ። ፉጨት። «እዚያም ይዘንባል?» ፉጨት። የሚያስፈራው ነገር፣ ፉጨቷ ልክ ጠይቀው ዝም በሚሉበት ቦታ ላይ መግባቷ ነው። አሁን ሳስበው፣ ሁለት ሰኮንድ ውስጥ የሚያልቅ ጥያቄ መጠየቅን እሳቸው ናቸው የለመዱት። ያን ጊዜ ግን ጉም ውስጥ ቆሜ አንድ ሰው ለእናቱ ሲመልስ የምሰማ መሰለኝ። የማውቀውን ፉጨት፣ ስንት መቶ ጊዜ የሰማሁትን፣ እንደ አዲስ አዳመጥኩት።

ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቆመ። እሳቸው አልዘጉም። ቤት ስገባ እጀታውን በጆሯቸውና በትከሻቸው መካከል ይዘው ጥጥ እየፈተሉ ነው።

«ሰማሽ አይደል?» አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። «ጫካ ማር ቆርጦ ሲመጣ ከሩቅ መንገድ ላይ እንዲህ ያፏጫል። እኔ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አሞቃለሁ። ፉጨቱ ይኸው ነው።»

«አሁን ዘግቷል እኮ እትዬ። ለምን አይዘጉትም?»

«ይመለስ ይሆናል ብዬ። እስኪመሽ እይዘዋለሁ።»

አየዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ጣቢያ ተመልሼ የሥራ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥኩ። ከየደንበኛው ስም አጠገብ ምልክት አለ፤ ቁጥሩን አጥፍቻለሁ ማለት ነው። አለ፣ አለ፣ አለ። መምህር ኤልያስ ጋ ስደርስ ቦታው ባዶ ነው። ጉሬዛዎቹ ትዝ አሉኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ሮጬ ያሰርኩት ግን የተፈታው ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነበር። ዝናብ ሲበረታ ሩቁ መስመር ስለሚበላሽ ዋናው ቁጥር አይመልስም፤ የመምህሩ ኮምፒውተር በራሱ ወደ ተለዋጩ ያልፋል። ተለዋጩ የእትዬ አለሚቱ ስልክ ነው። ብልሽቱ እኔ ነበርኩ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ብተወውስ ማንን ይጎዳል እያልኩ። በሦስቱም ቀን ዘነበ። በሦስቱም ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጣቢያ ውስጥ ሆኜ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

በአራተኛው ቀን መምህር ኤልያስ ቤት ሄጄ የኮምፒውተራቸውን የመደወያ ገጽ ከፈትኩ። ቁጥሩ በእኔ እጅ እንደተጻፈ ተቀምጧል። አጠፋሁት። ከዚያ ነገሩን ከራስ እስከ እግሩ ነገርኳቸው።

መምህሩ ወንበራቸው ላይ ወደኋላ ተደገፉ። «በእኔ ዝናብ?» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «አጥፍተሽዋል፤ በቃ። አትንገሪያቸው ሙሉ። ልጁ መደወል አቆመ ብለው ያስቡ። ሠርቶ ደክሞት ይሆናል ይበሉ። ተስፋቸውን ለምን ትወስጂባቸዋለሽ?» አሉኝ።

«ስልኩን አይዘጉትም መምህር» አልኳቸው። «ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታ እጀታውን ይዘው ነው የሚቀመጡት። ልጃቸው እውነት ቢደውል የሚያገኘው የተያዘ መስመር ነው። በእኔ ፉጨት ምክንያት።»

ይህን ሲሰሙ ተነስተው የዝናብ ደብተራቸውን አመጡልኝ። «ካላመኑሽ አሳዪያቸው። ኮምፒውተሩን የከፈትኩባቸው ቀኖች በሙሉ እዚህ አሉ።»

እትዬ አለሚቱ ቤት የደረስኩት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ነገርኳቸው። ስለ ሞደም ሳስረዳ አማርኛዬ ለራሴም ባዕድ ሆነብኝ፤ «ዕቃ ነው፣ ዕቃ ነው የሚያፏጨው» እያልኩ ደጋገምኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም፣ እጀታውን ይዘው ሲቀመጡ መስመሩ ለሚደውል ሰው እንደሚያዝም ነገርኳቸው። ያለቅሳሉ፣ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ካሌንደሩን ከግድግዳ አውርደው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና፣ «አሳዪኝ» አሉ።

ቀን በቀን አስተያየን። እኔ ከደብተሩ አነባለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው የከሰል ሰረዙን ይነካሉ። እያንዳንዱ ሰረዝ ላይ ዝናብ ነበር። እያንዳንዱን ስናልፍ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጉ ነበር። ይህን ያህል የጨከንኩበት ቀን በሥራ ዘመኔ የለም።

አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ደብተሩ ላይ ያ ቀን ባዶ ነው። መምህሩ «ደካ ሄጃለሁ፣ ለፈተና ቁጥጥር» ብለው ጽፈዋል። ዝናብ አልተለካም፤ ቤቱ ተቆልፎ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ነበር። ካሌንደሩ ላይ ግን ሰረዝ አለ።

«ይህን ቀን ተሳስተው ይሆን?» አልኳቸው።

«አልተሳሳትኩም። ጸሐይ ነበር። ቡና አስጥቼ ሳለ ስልኩ ጠራ» አሉ። «ያን ቀን አላፏጨም። ዝም ነው ያለው። ትንፋሽ ብቻ፣ ሩቅ። ዛሬ ምነው ደከመህ? አልኩት። ተቆረጠ።»

ሰው ተሳስቶ ደውሎ ሊሆን ይችላል። መስመር ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ኋላ የሥራ ደብተሬን ደግሜ አየሁ፣ የሌሎቹን ደንበኞች ኮምፒውተር አንድ በአንድ ዞሬ ፈተሽኩ፤ የጋሽ ወልዴ ቁጥር የቀረበት የለም። እስከ ዛሬ ለዚያች ሰረዝ የምሰጠው መልስ የለኝም።

ካሌንደሩን እንደያዝን ውጭ ዝናቡ ጀመረ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጠራም። ሁለታችንም ዳንቴሉን እያየን ተቀመጥን። መቋቋም ስላልቻልኩ፣ የእጅ ልማድም ስለሆነ፣ ዲያል ቶን መኖሩን ላረጋግጥ እጀታውን አነሳሁ።

እትዬ አለሚቱ ክንዴን ያዙኝ። ጣታቸው በከሰል ጠቁሯል።

«ዝጊው!» አሉ። «ይያዝበታል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ያ መስመር ከአንድ ደቂቃ በላይ ተይዞ አላየሁትም። በዓመቱ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወርኩ፤ ይደወልላቸው፣ አይደወልላቸው አላውቅም።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ለሙከራ ያስገባችሁትን ነገር ሳታጠፉ ከደንበኛ ቤት አትውጡ። ከረሳችሁትም ማጥፋቱ አይበቃም፤ በማዶ ሆኖ ሲሰማው የነበረውን ሰው ፈልጋችሁ ሄዳችሁ ንገሩት።